ከጎንደር ባሕር ዳር በአየር

ኅዳር 2
ሱቅ ከፈትኩ። አንድ ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ፣ ለሁለተኛው ክር አለቀብኝ። ከሰዓት እህቴ ጌጤ ከጎንደር ደወለች። ሐኪሞቹ እናታችንን፣ እምዬን፣ «ወደ ቤቷ ውሰዷት» ብለዋል። አለቀሰች። ወደ ቤቷ፣ እዚህ እኔ ጋ... በየት በኩል? የጎንደሩ መንገድ በግጭቱ ይፋግ ላይ ከተዘጋ ቆየ።

ኅዳር 3
እምዬን አናገርኳት። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ከአባትሽ ጎን ቅበሩኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።» እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ኅዳር 5
ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁ! ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ባሕር ዳሩ በአየር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በረራው ግማሽ ሰዓት አይሞላም ይላል። ከባሕር ዳር ወደ እኛ ደግሞ መኪና አልፎ አልፎ ያልፋል። ትኬት ቢሮ ስደውል ልጅቷ ሳቀችብኝ። «ቀጥታ የለም እኮ። አዲስ አበባ ወርደው፣ እንደገና ተመልሰው ነው።» ጎረቤት ለመድረስ አገር ማቋረጥ። ይሁን... ጅዳ እያለሁ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ።

ኅዳር 6
እምዬ እምቢ አለች። «ሳልጠራ ሰማይ ልውጣ?»
ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ!
«አንቺስ አረብ አገር ስትሄጂ አልፈራሽም?»
«አልፈራሁም።»
«ዋሾ።»
ለመንኳት፣ ተቆጣኋትም። በመጨረሻ፣ «አባትሽ ዘንድ ካደረሰኝ ይሁን» አለች።

ኅዳር 9
ዛሬ በረሩ። ቄሱ አባ ኪዳኔ ከአባቴ መቃብር ጎን ያለውን ቦታ አሳዩኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ እዚህ ይበቃታል» አሉኝ። በሕይወት ላለች እናት ጉድጓድ መለካት... ትቼ ወጣሁ።
ማታ ጌጤ ደወለች። ባሕር ዳር ገብተዋል! እምዬ የአገሯን ተራራ በመስኮት እየፈለገች አስተናጋጇን «ጉና የቱ ነው?» ስትላት ነበር አሉ። ነገ በጠዋት መኪና ይይዛሉ። አልጋዋን አነጠፍኩ።

ኅዳር 10
አልመጡም። የባሕር ዳሩም መንገድ ሐሙሲት ላይ ተዘግቷል።

ኅዳር 11
እንደተዘጋ ነው። አልጋ ቤት ይዘዋል። «ጎንደር ብንሆን ቤቴ ነበር፣ ጎረቤት ነበረኝ። እዚህ እሷን አብሮኝ የሚያነሳ ሰው የለም» አለችኝ ጌጤ። እኔን መውቀሷ ነው? ትውቀሰኝ። ያስመጣኋት እኔ ነኝ።

ኅዳር 14
ኔትወርክ ጠፋ። መናኸሪያ ሄጄ የባሕር ዳር መስመር ሹፌሩን ፈንታሁንን አገኘሁት። «በእግር እንዳትሞክሪው፣ እህቴ» አለኝ። ሞከርኩት። ኬላው ላይ መለሱኝ።

ኅዳር 17
ስልኩ ሠራ። ጌጤ ስሜን ስትጠራ ገባኝ። እምዬ ትናንት አርፋለች። አስከሬኗን ለማሳለፍ ጌጤ ያልለመነችው ሰው የለም፣ አልሆነም። የአልጋ ቤቱ ሰዎች ቀበሩልን። አንዳቸውም አያውቋትም... እግዜር ይስጣቸው።
እሺ ብያት ነበር።

ኅዳር 18
እድሩ ድንኳን ተክሏል። ፎቶዋን ወንበር ላይ አድርገው አለቀሱላት።
የአባቴ ዘመድ እትዬ ጥሩነሽ ከገጠር በእግራቸው መጡ። አጠገቤ ቁጭ ብለው እጄን ያዙኝ።
«ወዴት ቀበራችኋት?»
«ባሕር ዳር።»
«ተይ እንግዲህ፣ አታልቅሺ። እሱስ ቅርብ ነው» አሉኝ።
አዎ፣ ቅርብ ነው አልኳቸው።