ላፕቶፕ በበሬ ቀንድ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እታለሜ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ፣ ጎረቤቶችሽ፣ የግቢሽ ውሻ ሳይቀር ደኅና ናቸው ወይ? እኛ መስከረም ጠብቶም ውሃው አልጎድል ብሎ ሩዛችንን እስከ አንገቱ ከመዋጡ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ይህን እንደ ወትሮው ማርቆስ የጻፈልኝ እንዳይመስልሽ። እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ! የማታ ትምህርቱን ከጢማሞቹ ሁሉ አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። መምህሩ «ያንተ ጽሑፍ በሬ የጎተተው ይመስላል» ቢለኝ፣ «ታዲያ ቀጥ ያለ ትልም ከበሬ በቀር ማን ያወጣል?» አልኩት።

ስልኩማ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ደብዳቤውን በጎረምሳው በደሴ እጅ ልኬልሻለሁ። እሱ በላይ በኩል፣ በአስፓልቱ ድልድይ ዞሮ ወረታ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፦ እሁድ ለትምህርቷ ወደ አንቺ የላክኋት ልጄ ማስተዋል ቤትሽ ገብታለች አይደል? መቼም ገብታለች። እንዲያው ለወጉ ነው የምጠይቅሽ።

አምና ለተማሪዎቹ ላፕቶፕ ይሰጥ አይሰጥ ተብሎ ወላጅ ሲሰበሰብ የተናገርኩትን ሰምተሻል። ጎረቤታችን ጋሼ በላቸው ተነሥተው «ይሰጥ፣ ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቆለፍበት። የእኛ ልጆች ውሃ ተሻግረው ነው የሚማሩት። ውሃ ውስጥ ሰው ሁለት እጁ ያስፈልገዋል» አሉ። እኔ ብድግ ብዬ «ጋሼ፣ እርስዎ በሁለት እጅዎ ዋንጫ ይዘው ከሠርግ ሲመለሱ ስንት ወንዝ ተሻገሩ!» አልኳቸው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። «ልጄ ቤቷ የማታነብበት መሣሪያ የመደርደሪያ ጌጥ ሊሆን ነው? እቤት ይግባ!» አልኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ተሰጠም።

አሁንም ቢሆን አልተሳሳትኩም። በዚያ መሣሪያ የሰው ልብ እንዴት እንደሚመታ አሳይታኛለች። «አባዬ፣ ሐኪም ልሆን ነው፤ መጀመሪያ የማክመው ያንተን ምላስ ነው» ብላኛለች።

የመሻገሪያውንም ብልሃት ያገኘሁት እኔው ነኝ። ላፕቶፑን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ በበሬያችን በቦራ ቀንዶች መካከል አስረዋለሁ፤ እሷ ጅራቱን በሁለት እጇ ትይዛለች። ማዶ ስትደርስ እቃዋን ፈትታ፣ ግንባሩን ዳበስ አድርጋ ትመልሰዋለች። የፎገራ በሬ እኮ መርከብ ነው፤ ብቻውን ዋኝቶ ይመጣል። እሁድም ከዳር ቆሜ አየኋቸው። እስከ መሐል። ከዚያ ዝናቡ መጣና ማዶው ጠፋብኝ።

አመሻሽ ላይ ቦራ መጣ። በመሻገሪያው በኩል አይደለም፤ ከታች፣ ከሩቅ። ከረጢቱ ቀንዱ ላይ እንደታሰረ ነው። ፈትቼ አየሁት፤ ጠብታ አልነካውም። እንዴት አድርጌ እንደማስር አየሽ!

ረስታው ይሆናል። ልጅ አይደለች? ዝናብም ነበር። ለእናቷ «ፊደል እንድለማመድበት ትታልኝ ነው» አልኳት። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «ምን ሟርት ነው!» ብዬ ተቆጣኋት። አሁንም እንዳዘቀዘቀች ናት።

እና እታለሜ፣ ደሴን አታሳድሪው፤ እህል ውሃም አትበይው። «ደርሳለች» የምትል አንዲት ቃል ጽፈሽ ቶሎ መልሺው፤ ራሴ አነባታለሁ። እሷው በእጇ ብትጽፍልኝማ እንዴት ባማረ።

እኔ እስከዚያው በወንዙ ዳር ወደ ታች፣ ወደ ጣና በኩል ወረድ ልል ነው። ለቦራ ሳር ላይለት ብዬ ነው። በዚያውም ታንኳ ያላቸውን ሰዎች ሰላም እላለሁ። ጋሼ በላቸው ጎረምሶቹን ሰብስበው፣ ገመድ ይዘው ደጅ ቆመዋል። «ለሳር ይህ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል?» ብላቸው፣ «ግዴለህም፣ አንተ ጽፈህ ጨርስ» አሉኝ።

ቁሐር ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ቤትሽን ሙሉ ያድርግልሽ፤ ደጅሽን የረገጠውን ሁሉ በጤና ያቆይልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
የማስተዋል አባት