ከሰው ቀድሞ ስለገባው የሩዝ ማብሰያ

ለተከበሩ የወረዳችን ግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ደንብዎ የማይናወጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ለመጀመሪያ ቤት ገዢዎች የሚሰጠው የግብር ቅናሽ ለእኔና ለባለቤቴ እንደማይገባ የወሰኑበት ደብዳቤ ደርሶኛል። የተቀነሰልንን መልሼ ከፍያለሁና ስለ ገንዘብ የምከራከር እንዳይመስልዎ። የምጽፍልዎ በደብዳቤው መጨረሻ ስላለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ገዢዎቹ ቤቱን ሊኖሩበት እንዳላሰቡ ተረጋግጧል።» ከገዢዎቹ አንዷ ባለቤቴ ፒዮ ዮንሱክ በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ ስላረፈች፣ ቀርባ ልታስረዳዎ ባለመቻሏ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ሥራዎን ለማቅለል ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ደንቡ በገዛን በሦስት ወር ውስጥ እንድንገባ ያዝዛል። ዕድሜያችንን በሰው ቤት በኪራይ ለጨረስን ለእኛ ሦስት ቀንም ብዙ ነበር። ሆኖም ዮንሱክ፣ ክፉ መንፈስ መንገድ ላይ የማይቆምበት ቀን ካልሆነ ዕቃ አይነሳም አለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነኝና ሳቅሁባት። «ሳቅ፣ ሳቅ» አለችኝ፤ «አንተንማ መንፈሱም ይሸሽሃል፣ ወሬ ስለምታበዛ። የሚያገኘው እኔን ነው።» ቀኑ ሳይደርስ ሆስፒታል ገባች።

2ኛ. ቀኑ ሲደርስ ከአልጋዋ ሆና አዘዘችኝ። በአገራችን ልማድ አዲስ ቤት ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው የሩዝ ማብሰያ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ የእርስዎም ቤት የተከፈተው እንዲሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ሩዝ ሞልቼ፣ ታቅፌ አስገባሁትና ደወልኩላት። «በቃ፣ ገብተናል» አለች፤ «ከእንግዲህ የቤቱ ሰዎች ነን። በሩን ዘግተህ ና።» ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪዎችዎ የበሩን መክፈቻ የምስጢር ቁጥር በስልክ ሰጥቻቸው ገቡና «ከአንድ የሩዝ ማብሰያ በቀር ባዶ ነው» ብለው ጻፉ። ዓይናቸው ስለማይስተው አመሰግናለሁ። የውሃ ቆጣሪው አለመዞሩንም አልሳቱም።

3ኛ. ላስረዳ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ በትሕትና ያስተናገደችኝን ወይዘሪት ቦንግን አለማመስገን ነውር ነው። «መምህር፣ ድስት እኮ ነዋሪ አይደለም» አለችኝ። «ለታመሙት ደንቡ ይፈቅድላቸዋል። እርስዎ ግን ጤነኛ ነበሩ። ብቻዎንም ቢሆን መግባት ነበረብዎ።»

ጤነኛ ስለተባልኩ ክብር ይሰማኛል። በዚያን ጊዜ ይህ ጤነኛ ሰው ከአልጋዋ ሥር በምትዘረጋው በአስታማሚዎች መኝታ ላይ ተኝቶ፣ ትንፋሿ በተቆራረጠ ቁጥር እየተነሣ ጆሮውን አፏ ላይ ያደርግ ነበር። ለካ የተሻለው ነገር እሷን እዚያ ትቶ፣ አዲሱ ቤት ሄዶ፣ ቧንቧ ከፍቶ ቆጣሪውን ማዞር ኖሯል። አሁን ደንቡን በሚገባ እያከበርኩ ነው፤ ብቻዬን ገብቻለሁ። ውሃውም ይፈስሳል።

ቅናሹ ይቅርብኝ። የምለምንዎ ያቺን ዐረፍተ ነገር እንዲሰርዙልኝ ብቻ ነው። ዮንሱክ ልትኖርበት አስባ ነበር። መጋረጃው የቱ መስኮት ላይ እንደሚሰቀል በየቀኑ ሐሳቧን ስትቀያይር ነርሶቹ ሰምተዋል፤ አንደኛዋም «እናቴ፣ ዛሬስ የት ሰቀልነው?» እያለች ነበር መርፌ የምትወጋት።

የሰውን ሐሳብ ከውሃ ቆጣሪ ላይ የማንበብ ጥበብዎን እያደነቅሁ፣ ከወንበርዎ በታች ሆኜ ወደ ላይ የምመለከትዎ፣

ናምጉንግ ህዮክ
የመጀመሪያ ቤቱን በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ገዝቶ፣ የመጀመሪያ ቤት ገዢ ያልሆነ

ማስታወሻ፦ ውሳኔው የተላከው በሁለት ፖስታ ሲሆን፣ አንዱ «ለወይዘሮ ፒዮ ዮንሱክ» ይላል፤ የተጻፈበት አድራሻም የዚሁ ቤት ነው። ኖራበት የማታውቅ ከሆነ፣ እዚህ ትገኛለች ብሎ የጻፈላት ከእናንተ መካከል የትኛው ነው?