ያለቦታው ያጨበጨብኩት

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ተሠርቷል። አባትሽ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ጣሪያ ላይ ካልወጣሁ እያለ ያስቸግረኛል።

ትናንት ወደ ቪዮላ አስተማሪሽ መታሰቢያ በአንቺ ፈንታ ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ባልደረቦቹ ተራ በተራ ስለ እሱ ተናገሩ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ጓደኛው፣ «መድረክ ላይ ስሳሳት ጥሎኝ አይሄድም፤ አብሮኝ ይሳሳትና ሰው ሳያውቅብኝ ይመልሰኝ ነበር» ብሎ አስለቀሰን። ከዚያ ወንበሩን ባዶ ትተው የሚወደውን ሙዚቃ ተጫወቱ። መሃል ላይ ሁሉም ጸጥ አሉ። እኔ ጉደኛዋ አለቀ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ! ለካ ዝም ያሉት እሱ ብቻውን የሚጫወትበት ተራ ደርሶ ነው። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቱ ግን በዚያ ሐዘኗ አብራኝ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ሰዉም ተከተላት። ይኸው እስካሁን ፊቴ ይቃጠላል። ደውዬ ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ብርድ እንዳይመታሽ ደርበሽ ልበሺ፤ እራትሽን ሳትበዪ አትተኚ። ቪዮላሽንስ ከሣጥኑ ታወጪዋለሽ? እሺ፣ አልጨቀጭቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ያንን የእሱን ተራ ተጫውተሽ፣ ቀድተሽ ላኪልኝ። ፈጣሪ ጣቶችሽን ይባርክልኝ። ይዤው ባለቤቱ ቤት እሄዳለሁ፤ እስክትጨርሺም እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

እናትሽ