ከሠርጉ በኋላ የሚከፈል ሒሳብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከሳይቱ ቢሮ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለመጀመሪያ ልጄ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ አትደንግጪ፣ በሽታ አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ነው ሥራዬ። ይህን እየጻፍኩ እንኳ የኮንክሪት ሚክሰሩ መጣ አልመጣ እያልኩ ሁለቴ ተነስቼ በር ላይ ቆሜአለሁ። ደመናውም ከብዷል። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና «ሃሎ» ስል እናትሽ ከጆሮዬ ትነጥቀኛለች፤ ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

ነገሩ የባለመጋዘኑ ነው። አማትሽ ልል ነበር፤ አፌ ለምዶ።

የመጋዘኑን ወለል ኮንክሪት የሞላን ጊዜ አንቺ የቢሮዬ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም፣ አለቃም ነበርሽ። ልኬቱን ራስሽ ወስደሽ፣ ፌሮውን ኮንክሪቱ ሳይሸፍነው ሰውዬውን አስፈርመሽ፣ ኢንቮይሱን ላውጣ ስትይ ያስቆምኩሽ እኔ ነኝ። «ልጁ ቀለበት አስሮልሽ፣ እኔ ለአባቱ ኢንቮይስ ልላክ? ሰው ምን ይለኛል!» አልኩሽ። ለባለመጋዘኑም «በዘመድ መሐል ምን ጥድፊያ አለ፣ ከሠርጉ በኋላ እንተሳሰባለን» አልኩት። ስቆ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ አንቺ ቀለበቱን መልሰሽ አገር ለቀሽ ሄድሽ። ለምን እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም።

አሁን ይህን ስሚና ሳቂብኝ። ሰውዬው ኢንቮይሱን ላክልኝ እያለ መድረሻ አሳጣኝ። እኔ የማውቀው ደንበኛ ሲሸሸኝ ነው፤ «ነገ»፣ «ከነገ ወዲያ»፣ «ሒሳብ ሹሙ የለም» ሲሉኝ። ሰው ከአበዳሪው ይደበቃል እንጂ ከከፋይ ይደበቃል? እኔ ተደበቅሁ። ሲደውል ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀንማ መኪናውን ከሩቅ አይቼ ከአሸዋው ክምር ኋላ ገባሁ። ፎርማኑ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» ቢለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሜትሬ» አልኩት፤ ሜትሩ ወገቤ ላይ ተንጠልጥሎ። ወይ እኔ!

እናትሽ «የሲሚንቶ ነጋዴው ዕዳዬን ክፈሉ እያለ ደጃችንን ሊያፈርሰው ነው፤ አንተ የሚከፍልህን ትሸሻለህ? ጤነኛ ነህ?» ትለኛለች። እኔ ግን ሒሳቡ እስካልተዘጋ ነገሩም አልተዘጋም ባይ ነበርኩ። ኢንቮይስ ከላክሁ እሱ ደንበኛ፣ እኔ ሥራ ተቋራጭ፤ በቃ። ካልላክሁ ግን ምናልባት አንቺ ሐሳብሽን ብትለውጪ፣ ልጁም ቢጠብቅሽ... ሞኝ በይኝ። ልጁን ወድጄው ነበር። ሙሌት ሲሆን ቦቲ ጫማ አጥልቆ ከሠራተኛ ጋር አካፋ የሚይዝ የሀብታም ልጅ ከየት ይገኛል?

ቆይ፣ የመኪና ድምፅ ሰማሁ።

አይደለም፤ የውሃ ቦቴ ነው። ይሄ ሚክሰር ቶሎ ካልደረሰ ዝናቡ ይቀድመናል። የት ነበርኩ?

አዎ፣ ትናንት። ሰውዬው መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግሩ መጣ፤ እንዳላመልጠው አውቆ ነው። ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። ጥቁር ሱሪው በአቧራ ሲነጣ ግድም አልሰጠው።

«ምን አድርጌህ ነው የምትሸሸኝ?» አለኝ።

«ኧረ ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ተው እንጂ! ዕዳህን ይዤ እንድሞት ነው የምትፈልገው?»

«በእኔና በአንተ መሐል ምን ዕዳ አለ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ከሠርጉ በኋላ ብለህ ነበር። ልጄ በሚቀጥለው ወር ያገባል» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነበር ስደውልልህ የከረምኩት» አለ።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። ሌላ ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ ነገርኳትና «እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች» አልኳት። ሳቀችብኝ። «እሷ ካንተ በፊት ሰምታለች። ልጁ ራሱ ነግሯት፣ እንኳን ደስ አለህ ብላዋለች» አለችኝ። በደወልሽ ቁጥር «አባዬ ሒሳቡን ላከ?» ስትይ ልብሽ አሁንም ከልጁ ጋር ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ የምትጠይቂው ለሌላ ነው! «አባዬ አሁንም ሰዎቹን እንደ ዘመድ ይዞ ተቀምጧል፤ ብመጣ መልሶ ሊያስታርቀኝ ነው፣ በምን ፊቴ እመጣለሁ» ትያታለሽ አሉ። የእኔ ነገር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነ። አንቺን የማስቀርበት ገመድ የያዝኩ መስሎኝ፣ ከቤትሽ ያስቀረሁሽ እኔው ነኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ዛሬ በጠዋት ኢንቮይሱን ጻፍኩት። ካሬውን፣ ውፍረቱን፣ ፌሮውን፣ የሠራተኛውን፣ ሁሉንም ባንቺ ልኬት። ለማን እንደሚላክ የሚጻፍበት መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ፤ ወጥቼ ሳይቱን ዞሬ ተመለስኩና ለማንኛውም ደንበኛ እንደምጽፈው ጻፍኩ። የዘመድ ቅናሽም አላደረግኩም። ፎርማኑ አደረሰለት። ምሳ ሳይደርስ ሙሉውን ከፈለ፤ አንዲት ቃል አልተከራከረም። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚክሰሩ ገባ! ፎርማኑ እየጮኸ ነው። ኮንክሪት መፍሰስ ከጀመረ ቁም አይባልም፤ ቶሎ ልጨርስ።

ለሲሚንቶ ነጋዴው ከፍለን የተረፈው የአውሮፕላን ቲኬትሽ ነው። ለእረፍትሽ ነይ። እናትሽ አልጋሽን ወደ መስኮቱ አዙራዋለች፤ ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። እዚህ ከእሷና ከእኔ በቀር የሚጠብቅሽ ማንም የለም። ስለ ልጁ የሚያነሳብሽ አይኖርም። እኔም ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።

ከነገርሽኝ ግን እሰማለሁ።

የረገጥሽው መሬት ይጽናልሽ፤ የያዝሽው ይባረክ፤ ክፉ አይንካሽ።

አባትሽ