የአባትህ ኦራል

ለልጄ ለሙባሪክ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ እዚያው ድሬዳዋ በሰላም ያቆይልኝ። እኛ ቡታጅራ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፤ ንዴቴን ካልቆጠርከው።

በደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ስናወራ አባትህ ከጓዳ ሆኖ ሁሉንም ስለሚሰማ ነው። ዘንድሮ ጆሮውስ ጉድ ነው፤ የድመት ኮቴ አያመልጠውም። ያንን በጨረታ የገዛውን አሮጌ የወታደር መኪና፣ ኦራሉን፣ እንሰቴን አስነቅሎ ግቢዬ መሐል ገትሮት ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ብሎኑን የሚለየው በጣቱ እየዳሰሰ ነው። መፍቻው ካስቀመጠበት ትንሽ ፈቀቅ ካለ "ማነው የነካብኝ?" ብሎ ቤቱን ያናውጠዋል። አንተ ደግሞ "ጎበዝ አባባ! ለአረፋ አንተ እየነዳህ መስቃን ዘመድ ጋ እንሄዳለን" ትለዋለህ። ማን ጠየቀህ?

ባለፈው ሳምንት ቀለም ቀባው። "እንደ ድሮው የወታደር አረንጓዴ አደረግኩት" ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ሰማያዊ ነው፣ ሙባሪክ። ጥርት ያለ ሰማያዊ! ጎረቤቱም ትልቅ ሰው ፊት ለፊት አይታረምም ብሎ "ማሻአላህ፣ አረንጓዴው ያምራል" አለ። እኔም አልኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ድስቱን ሁሉ ወረወርኩት።

ለአረፋ ስትመጣ መሪውን አንተ ያዝ። መንዳት አማረኝ በለው፤ ሌላ ምክንያት እንዳትሰጠው። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እስከዚያው ቁልፉን ደብቄበታለሁ። የትም አልወሰድኩትም፤ ጃኬቱን ከሚሰቅልበት ሚስማር አጠገብ፣ ፊት ለፊቱ አንጠልጥዬዋለሁ።

እናትህ ሀሊሜ