ሰላሳ ስድስተኛው ክፍያ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

በረዶ። መኪናዬ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ትምህርት ቤት ንግግር የማስተምራቸው ስድስት ልጆች ነበሩኝ። ትንሿ ኤልሲ ዛሬ "ራ"ን አወጣቻት... ሁለት ወር ሙሉ "ላ" ስትል ከርማ። አንድ ተለጣፊ ኮከብ ነበር የሚገባት፣ ሁለት ሰጠኋት።

ከሥራ በኋላ እማዬ ዘንድ። ስትሮክ መቷት ማገገሚያው ከገባች ዛሬ አስራ ስድስተኛ ቀኗ። ቀኝ እጇ አሁንም አልታዘዘላትም። ያሏት ቃላት አራት ናቸው፤ "አዎ"፣ "ውሃ"፣ "ቤት" እና "ዱዌይን"። እኔንም በአባዬ ስም ዱዌይን ትለኛለች። አባዬ ይስቃል። "ምን ታድርግ ልጄ፣ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትቆጣ የኖረችው እኔን ነው። አፏ የለመደው እሱን ነዋ።"

አርብ የትምህርት ብድሬን ሰላሳ ስድስተኛ ክፍያ እከፍላለሁ። ከዚያ የአባዬ ስም ከብድሬ ላይ ይነሳል። ስጽፈው እንኳ ደስ አለኝ።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ከፈልኩ። ስድስት መቶ አስራ ሁለት ዶላር። ሦስት ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላሳልፍ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ዋስ የሆነኝ አባዬ ነው። ውሉ ሰላሳ ስድስት ወር በተከታታይ፣ በቀኑ ከከፈልኩ ዋሱ ይለቀቃል ይላል። እስኪለቀቅ ባንክ ለአባዬ አያበድርም። ሚስተር ኦስቴን፣ የባንኩ ሰው፣ በጃንዋሪ ፊት ለፊት ነግሮታል። "ዱዌይን፣ አንተን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ኮምፒውተሩ ግን አያውቅህም። የልጅህን አርባ አንድ ሺህ ያንተ ዕዳ ነው ይላል።"

ባንክ ካላበደረ ታች መታጠቢያ ቤት አይሠራም። መኝታውም መታጠቢያውም ፎቅ ላይ ነው፣ አስራ አራት ደረጃ። ታች ካልተሠራ ማገገሚያው እማዬን ወደ ቤት አይለቃትም። ኢንሹራንሱ ደግሞ የሚከፍለው መቶ ቀን ብቻ ነው። ሜይ 6 ያልቃል። ከዚያ በኋላ በቀን ሦስት መቶ ሰማንያ ዶላር፣ ከኪስ።

እኔ ቤትስ? ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት የለም። ያላሰብኩት ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

አባዬ ከዋስትና የሚለቀቅበትን ቅጽ ፈረመ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር ሲፈልግ ቆይቶ።

"ያን ጊዜ ስፈርምልሽ እናትሽ 'መጀመሪያ አንብበው' ብላኝ ነበር።"

"አነበብከው?"

"የልጄን ወረቀት? ምን ብዬ አነባለሁ።"

የእህል ቁም ሳጥኑ ያለበትን ቦታ በሜትር ለክቶ መታጠቢያ ቤቱን በካርቶን ላይ ስሎታል። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ እንዲገባ። የበሩን መወጣጫ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ራሱ ይሠራዋል። ቧንቧውና ፍሳሹ ግን ባለሙያ ይፈልጋል፤ ሃያ ስድስት ሺህ ብለውታል። "ይኼን ቤት ግማሹን የሠራሁት በእነዚህ እጆች ነው" ይላል እጆቹን እያሳየኝ። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። መቼ ጀመራቸው?

ቅጹን በአደራ ፖስታ ላክሁት።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ከብድር አስከፋዩ ድርጅት መልስ መጣ። አንድ ገጽ።

"ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም። የተከታታይ ክፍያዎች ብዛት፦ 7።"

ሰባት? የሰላሳ ስድስቱንም ወር ደረሰኝ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ... ሰላሳ ስድስት ወር ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ምሳ ሰዓቴን በትምህርት ቤቱ ወረቀት መጋዘን ውስጥ ጨረስኩ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ የማቆያ ፒያኖ ሰማሁ። በመጨረሻ ከድርጅቱ ብራያን የሚባል ወጣት ስልኩን አነሳ።

"ባለፈው ሜይ የሦስት ወር በአንድ ላይ ከፍለዋል፣ ወይዘሪት ሃልቮርሰን።"

"አዎ። ትምህርት ሲዘጋ ደሞዝ ስለማላገኝ። እንዳይዘገይብኝ ብዬ።"

"ስለዚህ የጁንና የጁላይ ሂሳብዎ ዜሮ ሆኖ ወጣ።"

"ስለከፈልኩት ነዋ።"

"ልክ ነዎት። ግን ሂሳቡ ዜሮ ሲሆን በዚያ ወር የተፈጸመ ክፍያ የለም። ክፍያ ከሌለ ተከታታይነቱ ይቋረጣል። ከኦገስት እንደገና ተጀመረ ማለት ነው።"

"ቀድሜ ስለከፈልኩ እንዳልከፈልኩ ተቆጠረ?"

"እንደዚያ ብዬ አላስቀምጠውም" አለ።

እንዴት ብሎ ሊያስቀምጠው ነው? አልጠየቅሁትም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ። ከማን ተማርኩት? "ሰው እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ፣ ቀድመሽ ክፈዪ" ብሎ ካሳደገኝ ሰው። የመብራቱን ሂሳብ ወረቀቱ ሳይመጣ ቢሮ ሄዶ የሚከፍል ሰው ነው። ይኼን እንዴት አድርጌ ልንገረው?

ቅዳሜ፣ ማርች 8

አባዬ ቧንቧ ሠሪ ሊያነጋግር ሄዷል። አልነገርኩትም።

አርብ፣ ማርች 14

ከፈልኩ። በእነሱ ቆጠራ ስምንተኛው።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ጠዋት የደወልኩላቸው ወደ ሌላ ክፍል አዞሩኝ። ሌላው ክፍል ወደ መጀመሪያው። አንዷ፣ ብድሩ ባለፈው መኸር ከሌላ ድርጅት የተላለፈ ስለሆነ የድሮው አይታየኝም አለችኝ። ሦስቱን ወር በአንዴ ከመክፈሌ በፊት የድሮውን ድርጅት ሰዎች ጠይቄያቸው ነበር እኮ። "ምንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ጎበዝ ነዎት" ብለውኛል።

"በጽሑፍ አለዎት?"

"በስልክ ነው የነገሩኝ።"

"እንግዲህ..." አለች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ከሰዓት በኋላ ሼሪል የምትባል ሴት አነሳች። ድምፅዋ ሲጋራ ያጎረነነው የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ እማዬን፣ ደረጃውን፣ መቶውን ቀን። ስታለቅሺ ሰማችሽ ወይ ቢሉኝ፣ አዎ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እኔ አልነገርኩሽም፣ እሺ የኔ እመቤት? ለስቴቱ አቤቱታ ሰሚ ቢሮ ጻፊ። ከእነሱ ሲመጣ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።"

"ስንት ቀን ይወስዳል?"

"ስልሳ። አንዳንዴ ዘጠና።"

ጻፍኩ። ደረሰኞቹን ሁሉ አያያዝኩ። ስልሳ ቀን ከዛሬ... ሜይ 17። እማዬ ያላት እስከ ሜይ 6 ነው። ካሌንደሩን ብገለብጠው ብመልሰው አስራ አንድ ቀን ያንሳል።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ለአባዬ ነገርኩት። ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ቱና ያለበት ፓስታ ፊታችን ተቀምጦ። ደብዳቤውን ሰጠሁት። ይኼኛውን አነበበው፣ ቀስ ብሎ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ።

"ቀድመሽ በመክፈልሽ ነው?"

"አዎ።"

"ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

"አባዬ፣ ተው እንጂ። የእነሱ ስህተት ነው።"

"ያስተማርኩሽ ግን እኔ ነኝ" አለ። ተነስቶ ጋራዡ ገባ። አንድ ሰዓት ያህል መዶሻ አልሰማሁ፣ መጋዝ አልሰማሁ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ምንም ማድረግ አልችልም። የምጽፈውን ጽፌአለሁ፣ የምደውለውን ደውያለሁ፣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነው የቀረኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የአባቴን ስም ከአንድ ወረቀት ላይ ማንሳት አቃተኝ።

እሁድ፣ ኤፕሪል 13

እማዬ አዲስ ቃል አወጣች።

ስገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ኮቷን በግራ እጇ ጭኗ ላይ ይዛለች፤ ከየት አገኘችው፣ አላውቅም። አየችኝ። "እንሂድ" አለች። ጥርት ያለ፣ ሙሉ ቃል።

ይኼን ለማስተማር ነው የተማርኩት። ይኼን ለመማር ነው የተበደርኩት። ሌላ ሰው ቢሆን አጨበጭብለት ነበር፣ ኮከብ እለጥፍለት ነበር። እኔ ግን "ነገ፣ እማዬ" አልኳት። ኮቱን ከእጇ ለመውሰድ ብሞክር አለቀቀችም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

አቤቱታ ሰሚው ቢሮ ደወልኩ። "አቤቱታዎ በሂደት ላይ ነው" አለኝ። ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

ቤቱን ሸጠው።

ጠርቶኝ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ከኩርት ጋር ቆሟል። ኩርት ማዶ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ለልጁ ቤት ሲፈልግ ነበር። ሲጨባበጡ ደረስኩ። ኩርት እኔን ሲያይ ኮፍያውን አነሳና መሬት መሬት እያየ ሄደ።

"በጥሬው ነው የሚከፍለኝ። መቶ አስራ ስምንት ሺህ። በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርሳለን።"

"አባዬ፣ ማንን አማከርክ?"

"ቤቱ የማን ነው?"

"የአቤቱታው መልስ በሜይ አጋማሽ ይመጣል። ትንሽ ቀን እኮ ነው። እስከዚያ የማገገሚያውን በቀን በቀን እንከፍላለን። እኔ እበደራለሁ።"

"ከማን?"

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

"ከግሮሰሪው ኋላ ካሉት አፓርታማዎች አንዱን ያዝኩ፣ ምድር ቤት። ደረጃ የለውም፣ መታጠቢያውም ሰፊ ነው። ያንቺንም ዕዳ እዘጋዋለሁ።"

"እሱን ተወው። እሱ የኔ ነው።"

"ስሜ አለበት አይደል? እኔ ነገ አንድ ነገር ብሆን እናትሽ ጋ መጥተው ያንኳኳሉ። አራት ቃል ባላት ሴት በር ላይ።"

"አምስት" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ልክ ነው። ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እሱ ነው የሚያቃጥለው።

ሰኞ፣ ሜይ 5

ዘጠና ዘጠነኛው ቀን። እማዬ ወጣች።

አባዬ ወንበሯን እየገፋ አዲሱ በር ላይ አደረሳት። አሮጌው ሶፋዋ አለ፣ መጋረጃዎቿ አሉ፤ ለመስኮቱ ስለረዘሙ እኔ አጥፌ ሰፍቻቸዋለሁ። ዙሪያውን አየች። ከመስኮቱ ውጭ የግሮሰሪው መኪና ማቆሚያ፣ የተደረደሩ ጋሪዎች።

"ቤት?" አለች።

"አዎ ጆይስ" አለ አባዬ። "ቤት።"

ራሷን ነቀነቀች። አይደለም ማለቷ ነው። እሱም ክርክር አልገጠማትም። ወንበሯን ወደ ፀሐዩ አዞረላት።

አርብ፣ ሜይ 9

አባዬ የላከው ቼክ ደረሳቸው። ሙሉውን። ስልኬ ላይ የሚቀረኝ ዕዳ 0.00 ይላል። ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የኖርኩት።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ዛሬ የመክፈያ ቀኔ ነበር። አባዬን በየወሩ ልስጥህ አልኩት። "ለእናትሽ ጫማ ግዢ፣ በአንድ እጅ የሚታሰር" አለኝ።

ኩርት የእህል ቁም ሳጥኑን አፍርሶ ግድግዳውን ከፍቶታል። ሳልፍ አየሁት። ከዚህ በኋላ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው።

ቅዳሜ፣ ሜይ 31

እማዬ ዛሬ "ሳሙና" አለች። አባዬ የኔ ስም ከሳሙና በኋላ ሊመጣ ነው ብሎ ያሾፍብኛል።

የፖስታ ሳጥናቸውን እኔ ነኝ የምከፍትላቸው። ከማስታወቂያዎቹ መሀል ከአስከፋዩ ድርጅት ለአባዬ የተላከ ደብዳቤ፣ ከድሮው አድራሻ የተላለፈ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀደድኩት።

በአቤቱታው መሠረት ፋይሉ እንደገና ተመርምሯል። የጁንና የጁላይ ክፍያዎች አስቀድመው በትክክል ተፈጽመዋል። ሰላሳ ስድስቱ ተከታታይ ክፍያዎች ከፌብሩዋሪ 14 ጀምሮ ተሟልተዋል። ሚስተር ዱዌይን ሃልቮርሰን ከዋስትና ነፃ ናቸው። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከፌብሩዋሪ 14... የፍቅረኞች ቀን ነበር፣ አባዬ ለእማዬ ቸኮሌት ይዞላት ሄዶ ነበር። ያኔ ነፃ ነበር ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ በሩን ሲስል ነፃ ነበር። ከኩርት ጋር ሲጨባበጥም። ለማን ልደውል? ምን ልበል?

ስገባ አባዬ መታጠቢያው ውስጥ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ የእማዬን ፀጉር ያጥባል። አንገቷን በአንድ እጁ ደግፏል። ዓይኗን ጨፍናለች።

"ፖስታ አለ?"

"ከብድሩ ድርጅት የመጣ አለ።"

"ደግሞ ምን አሉ?"

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው ዋሽቼ አላውቅም።

"ሂሳቡ ተዘግቷል ነው የሚሉት።"

"ደህና" አለ። "በይ ፎጣውን አቀብዪኝ፣ ውሃው ዓይኗ ሳይገባ።"

ደብዳቤውን ጃኬቴ ኪስ ከትቼ ፎጣውን አቀበልኩት።