በደጋን ያቆሰልኩት አጋዘን

ዌንዴል፣

ከላሞቹ ስትመለስ ቦት ጫማህን አታውልቅ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን አቁስያለሁ። ከአደን ማማዬ ሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። ደጋኑን እስከ መጨረሻው ሳልስበው ትከሻዬ ከዳኝ፤ ገመዱ አመለጠኝና ፍላጻው ሆዱ ውስጥ ገባ። ደሙን ተከትዬ እስከ ረግረጉ ሄድኩ። እዚያ ጠፋብኝ። ሆዱን የተመታ አጋዘን ተኝቶ እስኪዳከም ሰዓታት ጠብቆ መከተል እንደሚሻል አውቃለሁ፤ ግን ዝናቡ ደርሷል፣ ደሙን ሊያጥብብኝ ነው።

ሐኪሙ ደጋን እንዳልስብ ነግሮኝ ነበር። ይህን ከአንተ ደበቅኩ።

እንደ ጠመንጃ ቃታ ተስቦ የሚተኮሰውን ባለቃታ ቀስት ገዝቼ የመጣሁ ቀን፣ "እሱማ ጠመንጃ ነው፤ አባትህ ቢያይህ ምን ይል ነበር?" ብለህ በሰው ፊት ሳቅክብኝ። ከነካርቶኑ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ደጋኑን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።
ግን ሳቅህን መርሳት አልቻልኩም።

ጎረቤታችን አርሊንን ደም የምታነፈንፈውን ውሻዋን ለምናት። ውሻዋን በገመድ ያዛት። ደሙ የጠፋበት ቁጥቋጦ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬያለሁ፤ ከዚያ ጀምር። ብርቱካናማውን ሰደርያ ልበስ፤ በዝናቡ ውስጥ አጋዘን መስለኸኝ እንዳልተኩስብህ። ድስቱ ውስጥ የድንች ሾርባ አለ፣ ቆመህ ጠጣ።

ይህን ስታነብ እኔ ባለቃታውን ይዤ ሄጃለሁ። ግራ እጄ አይነሳም፤ እሱን ግን ግንድ ላይ አስደግፌ መተኮስ እችላለሁ። ከመጀመሪያውም እችል ነበር።

እንስሳው ፍላጻ ሆዱ ውስጥ ይዞ እየተራመደ ነው፤ እኔ እዚህ ቆሜ እጽፍልሃለሁ።

ድረስልኝ።

ሃርላን